ሦስት ማኅተም ከአንድ መሳቢያ

ጋሽ ይርጋ መሳቢያውን ሲስበው ሦስት ማኅተሞች ጎን ለጎን ተጋድመው ታዩ። ዙልፋ ዓይኗን ከእነሱ ላይ ማንሳት አቃታት።

«የዋጋ ፕሮፎርማ የሚፈለገው ከሦስት ስፌት ቤት አይደል?» አለ ጋሽ ይርጋ። «የኔን እሞላለሁ። የሁለት ጓደኞቼንም እኔው እሞላላችኋለሁ፤ ማኅተማቸውን እኔ ጋ ትተው ነው ወደ ደሴ የወጡት። የነሱን ዋጋ ከኔ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው፣ በቃ! በዚህ ቀን ልጅ ወልዲያን ሲዞር አይውልም።»

«እግዜር ይስጥልን ጋሼ!» አለች ከዙልፋ ጋር የመጣችው መቅደላ።

በዚህ መሀል ከቆቦ በኩል ድም... አለ። የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ባንዴ ቆሙ። አንዲት ልብስ ሰፊ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንስታ ወደ በሩ አየች።

«ነጎድጓድ ነው» አለ ጋሽ ይርጋ።

ነሐሴ ነውና ሊሆን ይችላል። ዙልፋ ግን አላመነችውም። አምና እንዲሁ ነጎድጓድ ነው በተባለ በሦስተኛው ቀን ነበር ከመርሳ በእግራቸው የሸሹት።

ሁለቱ ልጆች የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ጠዋት ከመርሳ ሲነሱ መንገዱ ሰላም ነበር። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር የዙልፋ አባት ኑርሁሴን ነው። ኮሚቴው ቤታቸው ለተዘረፈ ልጆች ዩኒፎርም ሊያሰፋ ነው፤ ግን ወንዱ ሁሉ ሮንድ፣ ከተማ ጥበቃ ላይ ስለሆነ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። «ጽሕፈትሽም ያምራል፣ ሰውም ታከብሪያለሽ» ብሎ አባቷ ናሙና እንድትሆን የተሰፋችውን ቀሚስ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጣት። «ብቻ ናሙናዋን ገልብጠው ሳያዩ የሚሞሉልሽን ዋጋ እንዳትቀበዪ።»

ይህን ያለው በምክንያት ነው። ባለፈው ጥር ዩኒፎርም ሲያሰፉ ወረቀቱ ላይ የጻፉት ቁጥርና ቀለም ብቻ ነበር። መርሳ ውስጥ የሴት ልጅ ቀሚስ ቁርጭምጭሚት ድረስ መሆኑን የማያውቅ ስለሌለ ርዝመት መጻፍ ለማንም ትዝ አላለውም። ሰፊው የሰጠው ዋጋ ግን የአጭር ቀሚስ ኖሮ ልብሱ ሲመጣ ጉልበት ላይ ቀረ። ሻሽም የለው። ዙልፋ ከታቹ የመጋረጃ ጨርቅ ቀጥላበት ለበሰችው። ታናሽ እህቷ ለይላ ግን ልጆች «መጋረጃ! መጋረጃ!» እያሉ ሲያበሽቋት ትምህርቷን ተወች። አሁን ትክክለኛው ቀሚስ ከመጣ እመለሳለሁ ብላለች።

«ጋሽ ይርጋ» አለች ዙልፋ፤ ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። «ናሙናዋን አላዩአትም እኮ።»

«ቀሚስ ቀሚስ ነው፣ ልጄ።»

«ሻሽስ ዋጋው ውስጥ አለ?»

«የምን ሻሽ? እሱን ከቤታችሁ!» ሳቀና መጻፉን ቀጠለ።

ዙልፋ ፌስታሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ተነሣች። «እንግዲያው ሌላ ቤት እንጠይቅ።»

መቅደላ አፈጠጠችባት። «ጤነኛ ነሽ? አልሰማሽም እንዴ ያን ድምፅ?»

ዙልፋ ግን ወጣች። መቅደላ ጥቂት ዘግይታ፣ ቦርሳዋን እየዘጋች ተከተለቻት።

ጎዳናው ጠዋት ያዩት አልነበረም። ከቆቦና ከሮቢት የመጡ ሰዎች ፍራሽ ተሸክመው፣ ፍየል እየጎተቱ ወደ ደቡብ ይጎርፋሉ። አንዲት ሴት ዙልፋን በትከሻዋ ገጭታት ሳትዞር አለፈች። ሁለተኛው ስፌት ቤት ተዘግቷል። መቅደላ «እንሂድ፣ በማርያም!» እያለች እጇን ስትጎትታት የዙልፋም እግሮች ወደ መናኸሪያው መሄድ ፈለጉ። ጎንደር በር የሚባለው ሰፈር ግን የልብስ ሰፊዋ የእትዬ አበበች በር ክፍት ነበር።

እትዬ አበበች የስፌት መኪናዎቿን ጭንቅላት እየፈታች ባጃጅ ላይ ታስጭናለች። «ባለፈው ከነመርፌው ነው የወሰዱብኝ» አለች ቀና ሳትል። «ዛሬ ዋጋ የለም፣ ልጆቼ። ሂዱ ወደ እናታችሁ።»

«እትዬ፣ አንዴ ብቻ ይዩልኝ» አለች ዙልፋ። ቀሚሷን ከፌስታሉ አውጥታ ዘረጋችላት።

እትዬ አበበች ቀሚሷን አየች። ቀጥሎ የዙልፋን ፊት አየች። መፍቻውን አስቀምጣ ቀሚሷን ገለበጠቻት፤ ስፌቱን ሳብ አደረገች፤ ቅምቅማቱን በስንዝሯ ለካች። «ይኼ ረጅም ነው፤ ጨርቅ ይበላል። ጨርቁ ከማን ነው?»

«ከእርስዎ።»

«ሻሹስ አብሮ ነው?»

«አዎ። ርዝመቱም ይጻፍልኝ፣ ሻሹም።»

«ስንት ትንሽ፣ ስንት ትልቅ?» ዙልፋ በየቁጥሩ ለይታ ነገረቻት። ባጃጁ ክላክስ ነፋ። «ቆይ አንተ!» አለችው፤ የባጃጁ ጀርባ ላይ ወረቀቱን አስደግፋ ጻፈች። «ዋጋዬ ከሰው ሊወደድ ይችላል። ግን ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ጨርቁ በመንገድ መዘጋት ከተወደደ እንደገና እንነጋገራለን፤ እሱንም ከታች ጽፌዋለሁ። በሉ አሁን ሩጡ!»

ሮጡ። መናኸሪያው በር ላይ ረዳቱ «መርሳ! የመጨረሻ ነው!» ይላል። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፍየላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። «አብሽሩ ልጆቼ፣ እሷ አትናከስም» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ወልዲያ ከኋላ ስትቀር መቅደላ ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ አሳየቻት። ሦስት ፕሮፎርማ፣ በሦስት ማኅተም።

«አንቺ ስትወጪ ተቀበልኩት» ብላ አንሾካሾከች። «የሴትዮዋን ተይው። ይኼን ከሰጠን ሥራው አለቀ፤ ማንም ተመልሳችሁ ሂዱ አይለንም። ዙልፋ፣ እኔ ወልዲያ ተመልሼ አልሄድም። ወላሂ በይ፣ አልናገርም በይ።»

ዙልፋ ወረቀቶቹን አየች። እሷም መመለስ አትፈልግም። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ ነው። ሦስት ወረቀት ካለ ኮሚቴው ርካሹን ይመርጣል፤ ርካሹ ደግሞ የጋሽ ይርጋ ነው፣ ቀሚሷን ያላያት ዋጋ። እየደጋገመች ለራሷ «ማን ያውቅብናል?» አለች። መልሱን «ማንም» ሆኖ ስታገኘው ይበልጥ ፈራች።

መርሳ መግቢያ ላይ ሮንዶቹ ሚኒባሱን አስቆሙት። መታወቂያ ሊያይ የገባው ኑርሁሴን ራሱ ነበር። ልጁን ሲያያት ዱላውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ፂሙ በአቧራ ነጥቷል።

«ሦስቱም ተሞሉ?» አላት።

የመቅደላ ክርን ጎኗን ነካት። ዙልፋ እጇን ጓደኛዋ ቦርሳ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ዚፑን ዘጋችው። ከዚያ የእትዬ አበበችን ወረቀት ብቻ ለአባቷ ዘረጋች።

«አንድ ነው፣ አባ። ሁለት ይቀሩኛል።»

ኑርሁሴን ወደ ሰሜን፣ ወደመጡበት መንገድ አየ። «ነገም ወልዲያ?»

«መንገድ ካለ ወልዲያ» አለች ዙልፋ። «ከሌለ ደሴ። ቀሚሷ እኔ ጋ ትደር።»