ስድስተኛው ጥያቄ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጋሽ ቢራራ አሥር ሺህ ጊዜ ለፍርድ ቀርበው፣ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ጊዜ ጥፋተኛ ተብለው፣ ሰባት መቶ ጊዜ ደግሞ በነፃ ተሰናብተው ነበር። እሳቸው ግን ይህን ሁሉ አያውቁም። በሌክፎርድ ከተማ ማረፊያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው የቀረበላቸውን የአጃ ገንፎ በማንኪያ ያማስሉ ነበር።

ውጤቱ የደረሰው ለጠበቃቸው ለምንትዋብ ኃይለ ነው። ከአውቶቡስ እንደ ወረደች የእጅ ሰሌዳዋ ነዘረ። «ቢራራ ወንድሙ፦ 93» ይላል። ሌላ ምንም የለም። መክፈል ለማይችል ተከሳሽ መንግሥት የሚመድባት ተከላካይ ጠበቃ ስለሆነች የዚያን ቀን ከእሳቸው ሌላ ዘጠኝ ደንበኞች ነበሯት፣ ለእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ቁጥር። 88፣ 95፣ 91፣ 97... ከሰማንያ በታች የሆነ ቁጥር ካየች ብዙ ዘመን ሆኗታል።

ቁጥሩን የሚያወጣው «ቀዳሚ ሸንጎ» የሚባለው መሣሪያ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ዳኛው ሳይሆን ጁሪ ነው፤ ጁሪ ማለት ከከተማው ነዋሪ መካከል ተጠርተው የሚቀመጡ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ናቸው። አሥራ ሁለቱም ካልተስማሙ ሰውየው ጥፋተኛ አይባልም። ቀዳሚ ሸንጎ እነዚህን አሥራ ሁለት ሰዎች በስሌት ይፈጥራቸዋል፣ ማስረጃውን ያሰማቸዋል፣ ያከራክራቸዋል፣ ድምፅ ያሰጣቸዋል። ይህን አሥር ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ለመጨረስ አራት ደቂቃ ይበቃዋል።

ቁጥሩ ለፍርድ አይደለም፣ ለምክር ብቻ ነው ይባላል። ለምክር! ምንትዋብ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ዘጠና ሦስት የተባለ ሰው ምን ምክር ያስፈልገዋል? ዐቃቤ ሕጉ «ጥፋተኛ ነኝ በልና ቅጣቱን ላቅልልህ» ይለዋል፣ ሰውየውም ይፈርማል፣ አለቀ። በሌክፎርድ እውነተኛ ጁሪ ከተቀመጠ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። የጁሪው ክፍል የሮቦት ባትሪ ማከማቻ ሆኗል። እሷ ራሷ ስድስት ዓመት በጥብቅና ሠርታ አንድም ክርክር አይታ አታውቅም።

ጋሽ ቢራራ የፎቅ መስኮት አጣቢ ናቸው። የተከሰሱት ፖሊስ በመደብደብ ነው። ተደበደበ የተባለው ፖሊስ የድመት ክብደት ያለው፣ በሰማይ እየዞረ ከተማውን የሚጠብቅ በራሪ ማሽን ነው፤ በግዛቱ ሕግ ግን እንደ ማንኛውም መኮንን ይቆጠራል፣ ይመሰክራልም። ከሰባ አንድ ቀን በፊት ጋሽ ቢራራ አሥራ ስምንተኛው ፎቅ ላይ ሲያጥቡ ከአጠገባቸው ወድቆ ተሰባበረ። ከመውደቁ በፊት «ተጠርጣሪው በመጥረጊያው እንጨት መታኝ» ብሎ መዝግቧል። እሳቸው «ነፋስ አምጥቶ እንጨቴ ላይ ጣለው» ይላሉ። ሌላ ያየ ሰው የለም። በዋስ እንዳይወጡም አንድ ሌላ መሣሪያ «ያሰጋል» ብሎባቸው እዚያው ቀሩ።

«ደህና አደርሽ ልጄ?» አሉ ምንትዋብ ስትገባ፣ ገንፎውን ወደ ጎን እያደረጉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። ደስ ይበልዎት፣ ዛሬ ይወጣሉ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ጥፋተኛ ነኝ ካሉ የታሰሩት ሰባ አንድ ቀን እንደ ቅጣት ይቆጠርልዎታል። የሥራ ፈቃድዎን ግን ይወስዱታል። ከምሳ በፊት ቤትዎ ይገባሉ።»

«አልልም ብልስ?»

«ክርክር ይሆናል። ከተሸነፍን ስምንት ዓመት ነው።»

«እንሸነፋለን?»

«ከመቶ ዘጠና ሦስት።»

ጋሽ ቢራራ ትንሽ አሰቡ። «እነዚህን የፈረዱብኝን አሥራ ሁለት ሰዎች ማየት ይቻላል?»

«የሉም እኮ ጋሼ። ስሌት ናቸው።»

«እሱ ነው ያልገባኝ። ስምንት ዓመት የሚፈርድብኝን ሰው አንድ ጊዜ ዐይን ለዐይን ባየው ደስ ይለኝ ነበር።»

ምንትዋብ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዎች ይጠብቋታል። «እትዬ ዘርፌ ካፖርትዎን ይዘው ታች ቁጭ ብለዋል» አለች። ይህን ማለቷ ነውር እንደሆነ ታውቃለች፤ የሚስትን ስም እንዲህ ባለ ሰዓት ማንሳት ክንድ እንደ መጠምዘዝ ነው። ግን ሠራ። የሽማግሌው ትከሻ ወረደ።

«እሺ። ምን ልበል?»

«ዳኛዋ ሰባት ጥያቄ ይጠይቁዎታል። ሰባቱንም አዎ ይበሉ። ከአዎ ሌላ ምንም አይጨምሩ።»

ዳኛ ኖራ ካስቲል ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ለአንድ መዝገብ ስድስት ደቂቃ የሚመድቡ ሴት ነበሩ። ዐቃቤ ሕጉ ግራንት ሆሎዌይ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በሕይወቱ አንድም ክርክር ሳይከራከር ሺህ መዝገብ ያሸነፈ ጎበዝ ነው። ጋሽ ቢራራ ብርቱካናማውን የእስረኛ ልብስ እንደለበሱ ቀኝ እጃቸውን አንስተው እውነቱን ለመናገር ማሉ።

«ክሱ ምን እንደሆነ ገብቶዎታል?»

«አዎ።»

«ከጠበቃዎ ጋር ተማክረዋል?»

«አዎ።»

«በጁሪ ፊት የመከራከር መብትዎን እንደሚተዉ ያውቃሉ?»

«አዎ።»

«ዝም የማለት መብት እንደነበረዎትስ?»

«አዎ።»

«ማንም ሳያስገድድዎት ነው የመጡት?»

ጋሽ ቢራራ ወደ ምንትዋብ ዞር ብለው አዩ። «አዎ» አሉ።

«ጥፋተኛ ነኝ የሚሉት ጥፋተኛ ስለሆኑ ነው? ሌላ ምክንያት የለም?»

 የመዝገቡ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ «መልስ ይጠበቃል» ብሎ በራ።

«ክብርት ዳኛ፣ ቅድም እጄን አንስቼ ምያለሁ።»

«አዎ፣ ምለዋል።»

«እንግዲያው አይደለም። እኔ አልመታሁትም። ጥፋተኛ ነኝ የምለው ዘጠና ሦስት ስለተባልሁ ነው። ቅጣቱን ስጡኝ፣ እቀበላለሁ፤ ፊርማዬንም አልክድም። ምዬ ግን አልዋሽም።»

ሆሎዌይ ሳቀ። ሰሌዳው «ድጋሚ ይመልሱ» አለ፤ ቆየና አሁንም «ድጋሚ ይመልሱ» አለ። ምንትዋብ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብላ «ጋሼ በእናትዎ፣ አዎ ብቻ ይበሉ!» አለች።

«ሰባት አዎ አይደል ያልሽኝ? አምስቱን ብያለሁ፤ የቀረውን አልችልም።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። በዚህ ግዛት «አላደረግሁም» የሚል ሰው «ጥፋተኛ ነኝ» ቢል አይቀበሉትም፤ ጥያቄውን ሕጉ ያስገባው ለዚህ ነበር። ባለፉት ዓመታት ጥያቄውን ሲያነቡ መልሱን ሳይሰሙ ቀጣዩን ገጽ ይገልጡ ነበር። አሁን ግን ሰምተዋል።

«መዝገቡ ወደ ጁሪ ይመራ። ከአርባ ቀን በኋላ» አሉ።

«የቱ ጁሪ?» አለ የችሎቱ ጸሐፊ። 

ታች እትዬ ዘርፌ ጥቁሩን ካፖርት ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምንትዋብን ሲያዩ ብድግ አሉ። «የታል?»

ምንትዋብ ነገረቻቸው። ተቆጥታ ነበር። በአንድ ቃል! በአንድ «አዎ» ቤታቸው ይገቡ ነበር! ዳኛዋም ዐቃቤ ሕጉም እሷም የሚፈልጉት እንዲወጡ ነበር፤ እሳቸው ግን ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ተገትረው ቆሙ።

እትዬ ዘርፌ እስከ መጨረሻው ሰሟትና «ታዲያ እሱ መታሁት እንዲል ፈልገሽ ነበር?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፣ ሊያውቁ ፈልገው ነው። «ካፖርቱንስ ላስገባለት?»

«አይፈቅዱም እትዬ።»

ካፖርቱን መልሰው አጠፉት። ምንትዋብ ወደ ሌሎቹ ዘጠኝ ደንበኞቿ ሄደች። ዘጠኙም «አዎ» አሉ።

የክርክር ሕግ የሚባለውን መጽሐፍ ከተማሪነቷ ወዲህ አልከፈተችውም ነበር። በዚያ ሳምንት ከፈተችው። ክርክር ካለ ተከሳሹ የመንግሥትን ማስረጃ አስቀድሞ የማየት መብት አለው ይላል። እንግዲያው ዘጠና ሦስት ከየት እንደመጣ አሳዩኝ ብላ አመለከተች። ሆሎዌይ «ቁጥሩ ምክር እንጂ ማስረጃ አይደለም» ብሎ ተቃወመ። ዳኛዋ «ይታይላት» ብለው ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ይህ ቢሮ የዚያን ቢሮ ማኅተም ይፈልጋል፤ ያኛው መልሶ የዚህን። ቅጹን የሚቀበለው ሮቦት ቅጹ ከተሻረ ስድስት ዓመት እንደሆነው ይነግራታል፣ አዲሱን ስትጠይቀው ያንኑ አሮጌ ይሰጣታል። አሥራ ሰባት ቀን እንዲህ አለፈ። ጋሽ ቢራራ አሁንም አራተኛ ፎቅ ናቸው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን የፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ወርዳ ከቀዳሚ ሸንጎ ፊት ቆመች። አብሯት የወረደው ባለሙያ «ምንም ብልሽት የለበትም፣ በየወሩ ይፈተሻል» አላት ገና ሳትጠይቀው። መሣሪያው በረጋ የሴት ድምፅ ይናገራል።

«ከምን ተምረሽ ነው የምትፈርጂው?» አለች ምንትዋብ።

«በዚህ ከተማ ከተዘጉ መዝገቦች።»

«ከእነዚህ ውስጥ ጥፋተኛ አይደሉም ተብለው የተዘጉት ስንት ናቸው?»

«ባለፉት አሥራ አንድ ዓመታት፣ ምንም።»

«አማካይ ቁጥርሽ መጀመሪያ ስንት ነበር?»

«በመጀመሪያው ዓመት ስልሳ አንድ። በሁለተኛው ስልሳ ስድስት። በሦስተኛው ሰባ ሁለት...» እያለች እስከ ዘጠና ሁለት ወጣች።

ባለሙያው እውነቱን ነው፣ ብልሽት የለም። ሰዎች ቁጥሩን ፈርተው ጥፋተኛ ነን አሉ፤ መሣሪያዋ ጥፋተኛ ነን ማለታቸውን አይታ ቁጥሩን ከፍ አደረገች፤ ሰዎችም ይበልጥ ፈሩ። ማንም አልዋሸም ለማለት ይቻል ነበር፣ ስድስተኛው ጥያቄ ባይኖር።

ምንትዋብ ማቆም ነበረባት፤ ግን አንድ ጥያቄ ቀራት። «በጠበቃ ለይተሽ አሳዪኝ» አለች።

የጠበቆቹ ዝርዝር በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ወጣ፤ ምንትዋብ የራሷን ስም ፈልጋ አገኘችው። «ምንትዋብ ኃይለ፦ 11,604 ደንበኞች። ጥፋተኛ፦ 11,604።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ለእያንዳንዳቸው «አዎ ይበሉ፣ ሌላ አይጨምሩ» ያለቻቸው እሷ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ መሣሪያ ስትበሳጭ፣ ስትማረር፣ ስትሳደብ ኖራለች፤ ለካ በእጇ ስታጎርሰው የኖረችው እሷ ነበረች።  አለቀሰች፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይበልጥ ነበር።

በአርባኛው ቀን ባትሪዎቹ ከጁሪው ክፍል ወጡ። ስልሳ ሰዎች በወረቀት ደብዳቤ ተጠርተው፣ ከእነሱ አሥራ ሁለቱ ተመርጠው ተቀመጡ፤ የጭነት መኪና ስምሪት ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ዓሣ ነጋዴ፣ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች። ዳኛዋ ቁጥሩ በችሎቱ ውስጥ እንዳይነገር ስላዘዙ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ጠፍቷል። ጁሪ ተከሳሹን በእስረኛ ልብስ እንዳያይ ሕጉ ይከለክላል፤ ስለዚህ ጋሽ ቢራራ በመጨረሻ ጥቁሩን ካፖርታቸውን ለብሰው ገቡ። እትዬ ዘርፌ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ባዶ ነው።

ዳኛዋ መመሪያውን አንብበው ሲጨርሱ ዓሣ ነጋዴው እጁን አወጣ።

«ክብርት ዳኛ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ቁጥር የለም።»

«ማለቴ መሣሪያው ስንት ብሏል?»

«ምን እንዳለ አይነገራችሁም።»

አሥራ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ነርሷ «ታዲያ በምን እናውቃለን?» አለች፣ ሌሎቹም ልክ ነሽ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ምንትዋብ መጮኽ አማራት። ለዚህ ነው አርባ ቀን የተንከራተተችው? ሽማግሌው ለዚህ ነው አርባ ቀን የተጨመረባቸው? መሣሪያውን አጥፍተው ያመጧቸው ሰዎች የሚፈልጉት መሣሪያውን ነው!

«ሁለቱንም ወገን ትሰማላችሁ» አሉ ዳኛዋ ቀስ ብለው፣ እሳቸውም ገና የሚያስታውሱት ይመስል። «ከዚያ እናንተ ትወስናላችሁ።»

 መምህርቷ የጠፋውን ሰሌዳ ስታይ ቆየችና ዐይኗን ወደ ጋሽ ቢራራ መለሰች። ከካፖርታቸው እስከ እጃቸው አየቻቸው፤ መስኮት ሲያጥብ የኖረ፣ ውሃ የሰነጣጠቀው እጅ ነው። ከዚያ ዓሣ ነጋዴው አያቸው። ቀጥሎ ነርሷ። ጋሽ ቢራራም ከአንደኛው ጀምረው እስከ አሥራ ሁለተኛው፣ አንድም ሳይዘሉ ዐይን ለዐይን አዩዋቸው።

ሆሎዌይ ከወረቀቱ ላይ እያነበበ ተናግሮ ተቀመጠ። ተራው የምንትዋብ ሆነ። ጋሽ ቢራራ ወደ እሷ ዘንበል ብለው በአማርኛ «ልጄ፣ ሰዎቹ ፈርተዋል እኮ» አሏት።

«አዎ ጋሼ።»

«ጥሩ ነው። ያ ዕቃ አሥር ሺህ ጊዜ ስለ እኔ ሲፈርድ አንዴም አልፈራም ነበር።»

በልማድ የእጅ ሰሌዳዋን አነሣች። 93 በዳኛዋ ትእዛዝ ተሰርዞ ከቢራራ ወንድሙ ስም ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ደንበኛዋ ምን እንደሚገጥማቸው አታውቅም፤ በሥራ ዘመኗ እንዲህ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነው። እሷም ፈራች። ሰሌዳውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ተወችውና ልትናገር ተነሣች።