ሁለቱ ባልዲዎች

ስልኩ ሲደወል ልጅቷ ፋርማሲው ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ የደም ግፊት ክኒን እየቆጠረች ነበር። አጎቷ ነው። «አባትሽ ሞቷል። ወንድምሽን ፖሊስ ይዞታል» አላት። ሠላሳውን ክኒን ቆጥራ ጨረሰች፣ አሸገች፣ አወሳሰዱንም ለሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስረዳች። ጋውኗን አውልቃ ስትወጣ እንባ የሚባል ነገር አልመጣላትም።

አባቷ ግቢው ውስጥ ከደረጃው ሥር አንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል። አጠገቡ ጥቁሯ መኪናው ታጥባና ደርቃ ታብረቀርቃለች። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ሳይበረታ መኪናውን በገዛ እጁ ያጥባል። የሳሙና ውሃ አንሸራትቶት ጭንቅላቱን የደረጃው ጠርዝ መትቶት ነው ቢባል ማንም ያምን ነበር፣ ወንድሟ ባይኖር ኖሮ።

ዓርብ ማታ ወንድሟ መኪናዋን ሳያስፈቅድ ወስዶ ጭቃ በጭቃ አድርጎ መለሳት። የአባትየው ጩኸት ጎረቤት ድረስ ተሰማ፤ ልጁም ጓደኛው ቤት ሄዶ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አጎት ሊጠይቃቸው ብቅ ሲል ልጁን የአባቱን ጭንቅላት ታቅፎ፣ ሸሚዙ ደም ነክቶት አገኘው። «ይቅርታ ልጠይቅ ስመጣ ወድቆ አገኘሁት» ይላል። ከጓደኛው ቤት የወጣው ግን አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለቱን ሰዓት መንገድ ለመንገድ ስዞር ነበር ቢል ማን ይስማው። አሁን ግቢው ውስጥ በካቴና ታስሯል፤ ከምሳ በኋላ ወደ ጣቢያ ሊወስዱት ነው። ልጅቷ ከዚያ በር የገባ ሰው በቶሎ እንደማይወጣ ታውቃለች፤ ያላት ወንድም ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

መርማሪው ወፈር ያለ፣ ዝግተኛ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። አስከሬኑን አየት አድርጎ ግማሽ ሰዓት ሙሉ መኪናዋን ዞረ። ጣሪያዋን ዳሰሰ፣ ተንበርክኮ የበሮቹን ታችኛውን ክፍል በባትሪ አየ፣ ሁለቱንም ባልዲዎች አሸተተ።

«የሞተው እኮ ወዲህ ነው» አለ አጎት፣ ትዕግሥቱ አልቆ።

መርማሪው አልተቀየመም። ስለ ሥራው ጠየቀው። አጎት የመኪና እጥበት ቤት አለው፤ በአንድ ባልዲና በአንድ ስፖንጅ መኪናውን ከላይ እስከ ታች እያዞረ ፈትጎ በሩብ ሰዓት ይጨርሳል። ሟቹ ወንድሙ በዚህ ይንቀው ነበር፤ «ቀለም ላጩ» እያለ ይጠራው፣ በመኪናዋ አጠገብ እንዲያልፍም አይወድም ነበር።

ቀጥሎ መርማሪው ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ከአባቱ ጋር አጥቧል።

«አባትህ ከመጀመሩ በፊት ምን ያደርጋል?»

«ሰዓቱንና ቀበቶውን ያወልቃል። ብረት ይጭራል ይላል። ሳያወልቅ ሲነካት አይቼ አላውቅም።»

መርማሪው ራሱን ነቀነቀና ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። እናትየው እዚያው ነበረች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ፣ እጆቿን ሻርፗ ውስጥ ከትታ ተቀምጣለች፤ ቃል አልወጣትም። ድንጋጤው ነው ብለው ትተዋታል። ልጅቷ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱም ሐዘን የነካቸው እንኳ አይመስሉም።

«ሟቹ እጁ ላይ ሰዓቱ አለ፤ ቀበቶውም ወገቡ ላይ ነው» አለ መርማሪው። «እጅጌውን ሳሙና አልነካውም። ስለዚህ መኪናዋን አልነካትም። ትናንት ማታ ግን ጭቃ ነበረች። እሱ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው አጥቧታል፤ ሲያጥብ የወደቀ እንዲመስል።»

አጎት ልጁን አየው። መርማሪውም አየውና ወደ እህቱ ዞረ።

«እህቴ፣ አባትሽ ሲያጥብ ንገሪኝ። የምታስታውሺውን ሁሉ።»

ወንድሟን ለማዳን የመጣ ዕድል መሰላት፤ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ከጣሪያው ይጀምራል፣ ጎማዎቹን መጨረሻ ያጥባል። ፎጣውን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ ወደ ራሱ ይስባል እንጂ አይፈትግም። ሁለት ባልዲ አለው።

«ባልዲዎቹ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ሳሙና ነዋ። ሁለቱም ውስጥ።»

ወንድሟ ቀና አለ። «አይደለም። አንደኛው ንጹሕ ውሃ ነው። የማጠቢያ ጓንቱን እዚያ ካላጠብከው አሸዋውን ይዞ ይመለስና ቀለሙን ይጭራል። ለበሮቹ ታች ደግሞ ሌላ ጓንት አለ።»

«አንቺ ከየት ሆነሽ ነው ያየሽው?» አለ መርማሪው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከላይ፣ ከስፌት ክፍሉ መስኮት። ሴቶች ቀለበት ስላላችሁ አትቅረቡ ይለን ነበር። እኔና እማዬ ሁልጊዜ ከዚያ...»

አልጨረሰችውም። ዓይኗ ሻርፑ ውስጥ ወደተደበቁት የእናቷ እጆች ሄደ።

መርማሪው ወለሉን እያየ ቀጠለ። «ዛሬ ሁለቱም ባልዲ ሳሙና ነው። ልጁ ቢሆን አይሳሳትም። አጎትየው ቢሆን አንድ ባልዲ በበቃው፣ ጣሪያውንም ኮፈኑንም በፈተጋቸው ነበር። ያጠበው ሰው ከላይ የሚታየውን ሁሉ ልክ አድርጎታል። ጣሪያው ላይ ፎጣው ተስቧል። ከላይ የማይታየው ግን ሁሉ ስህተት ነው፤ የበሮቹ ታች በአሸዋ ተፈትጎ ክብ ክብ ጭረት ሆኗል። አንቺ ጠዋት ፋርማሲ ነበርሽ፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። እናቴ፣ እጅዎን ያሳዩኝ?»

እናትየው እጆቿን ከሻርፑ አወጣች። ጣቶቿ በሳሙና ደርቀው ተጨማደዋል፤ የቀለበት ጣቷ ላይ ነጭ ክብ እንጂ ቀለበት የለም።

«እንዳይጭራት ብዬ አወለቅኩት» አለች፣ የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ። «ልጁን ከዚህ ቤት አባርረዋለሁ አለኝ። ተወው አልኩት። ደረጃው ላይ ገፋኝ፣ ገፋሁት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ገፍቶኛል። እኔ የገፋሁት ዛሬ ብቻ ነው።»

«ልጅዎን ሲይዙት ለምን ዝም አሉ?»

«አፌ አልከፈት አለኝ። ልናገር እነሣለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ።»

ፖሊሱ የልጁን ካቴና ፈታ። ልጁ ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ እጆቹን አንድ ላይ እንደያዘ ቀረ። አጎት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መርማሪው እናትየውን ክንዷን ይዞ አስነሣት፤ ካቴናውን ሊያወጣ የሞከረውን ፖሊስ በዓይኑ ከለከለው።

ልጅቷ በሩ ላይ ደረሰችባት። «እማዬ፣ እኔ... እሱን ላስፈታ ብዬ ነው እንጂ...»

«አውቃለሁ ልጄ» አለች እናትየው። «እኔ ያቃተኝን ነው የተናገርሽልኝ።» በተጨማደዱት ጣቶቿ የልጇን ፊት ዳሰሰች።

ልጅቷ ያን ጊዜ አለቀሰች። ለእናቷ እንጂ ለአባቷ አልነበረም፤ ይህንንም ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።