የኋላው ቀኝ በር

ይህን ለቻናሉ ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። የሚያምን ይመን። የማያምን ግን እባካችሁ ኮሜንት ላይ አትሳቁ። የሰው እናት አለችበት።

ጨለማ አልነበረም። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው። ፀሐይ የጋራዡን ቆርቆሮ ታነዳለች፣ ጎረቤት ያለው እንጨት ቤት መጋዙን ያስጮኻል... በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ይፈራል ብሎ ማን ያስባል?

እኔ ባትላሜራ ነኝ። የተጎዳ የመኪና አካል ቀጥቅጬ አቃናለሁ። የድሮ መኪና ሲመጣማ ነፍሴ ነው። ቀለም የሚቀባው ባልደረባዬ ደግሞ "ስቱኮ" ይባላል። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ያገኘውን ጉድጓድ ሁሉ በስቱኮ መድፈን ስለሚወድ። "የሚስትህንም ኩርፊያ በስቱኮ ነው የምትደፍነው" እያልን እንስቅበታለን።

መኪናዋን ያመጡት አንዲት ሴትዮ ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ አጠር ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ። ታላቅ ወንድማቸው በተጎታች ጭነው አስገቡላቸው። መኪናዋ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች።

"እማማ፣ ዛሬ ምን ትዝ ብሎዎት ነው?" አልኳቸው።

"ዝገት ሲበላት ማየት አቃተኝ፣ ልጄ።"



የድሮ መኪና ላይ መጀመሪያ መዶሻ አይነሳም። መጀመሪያ ፎቶ ታነሳለህ። ከዚያ የሚያብረቀርቀውን ክፈፍና የመስኮቱን ጎማ ሳትቸኩል ትነቅላለህ፤ ብሎኑን በየከረጢቱ እየከተትክ ከየት እንደወጣ ትጽፍበታለህ። ያ ክፈፍ ቢሰበር መተኪያ የለውም። የዛገ ክሮም በአሉሚኒየም ፎይልና በውሃ ቀስ ብለህ ስታሸው እንደ መስታወት ይወጣል። ከዚያ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ አካሏ ላይ ታስኬዳለህ። ማግኔቱ አልይዝ ካለ እዚያ ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው።

የእሳቸው መኪና ላይ ማግኔቱ ሁሉም ቦታ ያዘ። ተጋጭታ አታውቅም።

የኋላው ቀኝ በር ላይ ግን አንድ ነገር አየሁ።

ላሜራው አብጧል። ወደ ውስጥ አልጎደጎደም... ወደ ውጭ ነው ያበጠው።

ከውስጥ የተገፋ ይመስላል።

በእንጨት መዶሻ አቃናሁት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቁጭ ብዬ ክሮም እያሸሁ...

ጠቅ።

ዞር አልኩ። እብጠቱ ተመልሷል።

"ላሜራ አይደል? ሲሞቅ ይጮኻል" አለ ስቱኮ።

እውነቱን ነው፣ ይጮኻል። እንደገና አቃናሁት። በማግስቱ፣ ያው ዘጠኝ ሰዓት...

ጠቅ።

የበሩን የውስጥ ልባስ ነቅዬ በባትሪ አየሁት። አቧራና የደረቀ ማስቲሽ ብቻ ነው። ሊገፋ የሚችል ነገር የለም። ወደ ውጭ ዞሬ እጄን አሳረፍኩበት። የእኛ ሙያ ሰው ከዓይኑ ይልቅ በጣቱ ያያል። ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት...

አምስት ጣት።

ትንሽ መዳፍ ነው። ቤት ያለችው የአራት ዓመት ልጄ እጅ የሚያክል።

ለስቱኮ አልነገርኩትም። ምን ብዬ ልንገረው?

"እስቲ ተነስልኝ" አለኝ እሱ፣ ነገሩ አሰልችቶት። ቦታውን ጎድጎድ አድርጌ እንድመታለት ካደረገ በኋላ በስቱኮ ሞላው። በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ እንደ እንቁላል አለሰለሰው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስቱኮው ተፈርፍሮ መሬት ወደቀ።

ከሥሩ የወጣው መዳፍ የትናንቱ አልነበረም። ተለቅ ያለ ነው... አሥር ዓመት የሞላው ልጅ እጅ።

ረቡዕ ከዚያም ጨመረ። ሐሙስ የራሴን መዳፍ ስለጥፍበት እኩል ሆነ።

አርብ የእኔ መዳፍ ውስጡ ጠፋ።

ስቱኮ በዚያን ቀን ፊቱ አመድ መስሎ፣ "ሴትዮዋን ጥራቸው" አለኝ። "ዛሬውኑ ጥራቸው።"

ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረሱ። በርጩማ አቀረብኩላቸው። በሩ ላይ ላሜራው እንዳስቸገረኝ ብቻ ነበር የነገርኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ።

"ከውስጥ ነው?" አሉ በሹክሹክታ።

"እንዴት አወቁ?"

 ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

"ፋርማሲ ነበር የወረድኩት" አሉ። "ለአምስት ደቂቃ። እሱ ኋላ ተኝቷል... መቀስቀሱ አሳዘነኝ።"

መጋዙ ቆሟል። የሚሰማኝ የእሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነው።

"ስወጣ አንዲት የማውቃት ሴት አገኘችኝ። ወሬ ጀመርን... ወሬ፣ ልጄ። ቁም ነገር ቢሆን ምን አለበት? ስለ መጋረጃ ነበር የምናወራው።"

"እማማ፣ ይበቃል..."

"ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ያ ፀሐይ... አራት ዓመቱ ነበር።"

ጠቅ።

እኔ ወደ ኋላ ዘለልኩ። እሳቸው አልደነገጡም። ተነስተው ወደ በሩ ሄዱና መዳፋቸውን እብጠቱ ላይ አሳረፉ። የእናት እጅ እዚያ ትልቅ መዳፍ ውስጥ የሕፃን እጅ መሰለ።

ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁ።

"ሠላሳ ሞላው" አሉ። "አደገ..."

ከዚያ ሳይዞሩ፣ "እባክህ አታቃናው። እንዲሁ ቀባልኝ" አሉኝ።

ከጋራዡ ጓሮ ወጥቼ ሚስቴ ጋ ደወልኩ። "ልጅቷ የት ናት?" አልኳት። "አጠገቤ ናት፣ ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ድምፅዋን አሰሚኝ ብዬ አስቸገርኳት። ልጄ "አባዬ" ስትለኝ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

ስቱኮ ቀለሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ቀባ። ዝገት መከላከያውን አስቀድሞ፣ ከላይ የጥንቱን ሰማያዊ ሦስት እጅ። ክፈፎቹን በየቦታቸው መለስኩ፤ አንድም ብሎን አልጎደለም። ሞተሩንም መካኒክ ጠርተን አስነሳነው። ከዚያ ቀን በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምንም ድምፅ ሰምተን አናውቅም።

የርክክቡ ቀን ሴትዮዋ በታክሲ ቀድመው መጡ። ከዚያች ቀን ወዲህ መሪ ነክተው ስለማያውቁ ወንድማቸው መጥተው ሊነዱላቸው ነው። እሳቸው ፊት ወንበር፣ ከሹፌሩ ጎን ገብተው ተቀመጡ።

"ውጭ ወንበር ላምጣልዎት?" አልኳቸው።

"አይ፣ እዚሁ ልጠብቀው።"

እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ሳሙናው እጄ ላይ እንዳለ ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ መኪናዋ ከበሩ እየወጣች ነው። መስታወቱ ላይ ፀሐይ አርፎበት የሚነዳው ሰው አልታየኝም። እሳቸውን ግን አየኋቸው። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ ወደ ሹፌሩ ዞረው... ይስቃሉ።

"ወንድምየው መቼ ገቡ? ሰላም እንኳ ሳይሉን" አለ ስቱኮ።

"እንጃ..."

"ቁልፉን ማን ሰጣቸው?"

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

እዚያው እንደቆምን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወንድማቸው ላብ በላብ ሆነው በእግራቸው ገቡ። "ይቅርታ ልጆች፣ ታክሲ አጥቼ ነው። እህቴ የት አለች?"

 ቁልፉን አሳየኋቸው።

የስቱኮን መኪና ይዘን ሦስታችንም ወደ ቤታቸው በረርን። የግቢው በር ክፍት ነው። መኪናዋ ጥላ ሥር ቀጥ ብላ ቆማለች። ኮፈኗን ነካሁት፤ ይፋጃል። የሹፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቧል። እግሩ ረዥም ሰው እንደሚስበው።

ስቱኮ ከግቢው በር አላለፈም። እኔና ወንድማቸው ወደ ሳሎኑ መስኮት ተጠጋን።

ሴትዮዋ ክፍሉ መሃል ብቻቸውን ቆመዋል። በእግራቸው ጣት ተንጠራርተው፣ ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው ባዶ አየር ላይ አንድ ነገር ያስተካክላሉ። ቆይቶ ነው የገባኝ...

ኮሌታ ነው።

"እናንኳኳ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ወንድማቸው ክንዴን ያዙኝ። እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል።

"ተዋት" አሉኝ። "ተዋት..."

ሴትዮዋ ያን የማይታይ ትከሻ በመዳፋቸው አበስ አበስ አደረጉት። ከዚያ ተረከዛቸውን መሬት አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግንባራቸውን ወደ ላይ ሰጡ...

እንደሚሳም ሰው።