የአባባ ዳምባ ዳማ ፈረስ

ቀጣፊ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አልክድም። የሞተ ተኩላ በገመድ እየጎተትኩ ስንቱን ያስሮጥኩ ሰው ነኝ።

ይሄን ግን አልፈጠርኩትም። በዚህ ጣቴ ነክቼዋለሁ።

በረዶው ቀልጦ አቧራ በሚነሳበት ወር ነው። እኛ ከብት አርቢዎች በድንኳን የምንኖርበት ኦርኾን ወንዝ ዳር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት... ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

ጎረቤቴ አባባ ዳምባ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ያላቸው አንድ ዳማ ፈረስ ነው፤ ገና አራት ዓመቱ። ውሃ የሚያመጡት በሱ፣ ሰው ዘንድ የሚደርሱት በሱ።

ታዲያ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ጭነው ደጃፍ ያቆሙታል። ግን በዚያ ሰዓት አይጋልቡትም።

ነገሩ የጥንቱ ንጉሣችን የኦገዴ ካን ነው። ካኑ በዘመኑ የመልእክተኛ መንገድ ዘርግቶ ነበር። መልእክተኛው ወገቡ ላይ ቃጭል አስሮ ይጋልባል። ድምፁ ሲሰማ ትኩስ ፈረስ ተጭኖ ይጠብቀዋል፤ የደከመውን ትቶ በሱ ይሄዳል። የዳምባ ድንኳን የተተከለው ከነዚያ ማረፊያዎች በአንዱ ቦታ ላይ ነው ይባላል።

ካኑ ከሞተ ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ስስቅባቸው፣ “የመጨረሻው መልእክተኛ አላለፈማ” ይሉኛል። “አባቴም ሲጠብቅ ነው የሞተው። ቃጭል የሰማ፣ ማነህ ብሎ አይጠይቅም። ፈረሱን ይሰጣል።”

እኔ ደግሞ ዳማውን አንዴ መጋለብ አምሮኛል። ለምኜ እምቢ ብለውኛል።

ስለዚህ ከፍየሎቼ አንገት ሰባት ቃጭል ፈታሁ። ወገቤ ላይ አሰርኩ። ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ፣ በራሴ ፈረስ አቧራውን ሰንጥቄ መጣሁ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው።

ሽማግሌው ቆመው ይጠብቃሉ። የዳማውን ልጓም አቀበሉኝ። ማነህ አላሉኝም... እንባቸው ብቻ አቧራማው ጉንጫቸው ላይ መስመር ሠርቶ ወረደ።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

የኔን ፈረስ እዚያ ትቼ በዳማው ነጎድኩ። ሐሳቤ ፊት ለፊት ያለው ጉብታ ድረስ ሄጄ መመለስ ነበር። ፈረሱ ግን ጉብታውን አለፈው። ልጓሙን ሳብኩ... አልሰማኝም።

መንገደኛ ሁሉ ድንጋይ የሚጨምርበት ክምር ጋ ሲደርስ በራሱ ቆመ።

ከአቧራው ውስጥ አንድ እጅ ወጣ። የቆዳ እጅጌ... እርጥብ ቆዳ ይሸታል። ልጓሙን ያዘ።

“ውረድ።”

ወረድኩ። እናንተም ብትሆኑ ትወርዱ ነበር።

ኮቴው ወደ ምዕራብ ራቀ። ከኮቴው ጋር የቃጭል ድምፅ...

ወገቤን ዳበስኩ። ባዶ ነው።

በእግሬ ተመልሼ ሁሉንም ለዳምባ ነገርኳቸው። በዱላ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ “ፈረስህ እዚህ ነው አይደል?” አሉ። “በል እሱን ጫነው።”

ሦስት ቀን የኔን ፈረስ ጭነን ደጃፍ አቆምን። ውሃቸውን ከወንዝ በጀርባዬ አመላለስኩ። ፈረሳቸው ካልተመለሰ መጪውን የበረዶ ወራት አይወጡትም፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

በአራተኛው ቀን፣ ልክ ስድስት ሰዓት፣ ከድንኳኑ ጀርባ ኩበት ስንለቅም ኮቴ ሰማን።

ዞረን ስንመጣ ዳማው ደጃፍ ቆሟል። አንገቱን አቀፍኩት።

ዳምባ ግን አፉን ከፍተው ጣታቸውን አስገቡ። እኛ የፈረስ ዕድሜ የምናውቀው በጥርሱ ነው።

ቆዩ... በጣም ቆዩ።

“ቾይጂል” አሉኝ በሹክሹክታ። “ይሄ ፈረስ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው።”

እኔም ጣቴን አስገባሁ። ጥርሱ ተፍቆ አልቋል። ጭኑ ላይ የተተኮሰው የዳምባ ምልክት ግን እዚያው አለ።

ኮርቻውን ነካሁ። ይሞቃል።

ያኔ ነው መሬቱን ያየሁት። ከእርካቡ ሥር የአንድ ሰው ዱካ ይጀምራል። ወደ በሩ ይሄዳል። እንደ ደንባችን ደፉን ሳይረግጥ ይገባል።

የወጣበት ዱካ የለም።

ዳምባ ክንዴን ጨበጡኝ።

“መልእክተኛው የመልእክቱን መልስ ይዞ መጥቷል። የፈረስህን ልጓም ይዘህ አቀብለው... ማነህ እንዳትለው።”

ከድንኳኑ ውስጥ ቃጭሎቼ አንዴ ጮኹ... ሰው ቁጭ ሲል እንደሚጮኹት።