መቶኛው ቃል

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ግን ሆኗል... በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም.፣ አሶሳ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር።

ስሜ ሌንጂሳ ነው፤ የባምባሲ ልጅ ነኝ። ህንድ አገር ስድስት ዓመት ኮምፒዩተር ተምሬ ስመለስ አንድ ትንሽ ቢሮ ቀጠረኝ። ቢሮው በጦርነቱ ጊዜ ወደ ሱዳን ሲሸሹ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል። ሰዎች የሰጡት ቃል በወረቀት ተከምሯል። ሀዊ የምትባል የወለጋ ልጅ ወደ ኮምፒዩተር ትገለብጠዋለች። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ስም የሚፈልግ ፕሮግራም ሠራሁ።

ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ወረቀት አንዴ ብቻ ያነባል። ቃላቱ እንደ ቦይ ውኃ በተርታ ይወርዳሉ፤ መሀል ላይ ቦዩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቃላቱን በሙሉ ወደ ትልቁ ማውጫ ይወስዳል። ሌላው የሰው ስም ብቻ እየለቀመ ወደ ማጠራቀሚያ ያስገባል። እያንዳንዱ ቃል ቁጥር አለው፤ በወረቀቱ ላይ ስንተኛ ቃል እንደሆነ የሚናገር ቁጥር።

በዚህ ሥራ ኮርቼ ነበር።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 7 እማማ ሀምዲያ መጡ። ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ፤ አማርኛቸው የተሰባበረ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው የኩርሙክ መንገድ ላይ ልጃቸው ኻሚስ ጠፍቶባቸዋል። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር።

«ሌንጂሳ ልጄ፣ ማሽኑ ዛሬ ምን አለች?»

ስሙን ጻፍኩ። ሁልጊዜ የሚወጣው የእሳቸው ወረቀት ብቻ ነበር።

በዚያን ቀን ሁለት ወጣ።

ሁለተኛው ዐብዱልቃድር የሚባል ነጋዴ ከሁለት ወር በፊት ኩርሙክ ላይ የሰጠው ቃል ነው፤ ሀዊ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባችው በዚያ ሳምንት ነው። ወረቀቱን ከመደርደሪያ አውጥቼ ማየት ነበረብኝ። ደንቡም እንደዚያ ነው።

አላየሁም። ደስታው አፌን ቀደመው።

«እማማ፣ የኻሚስን ስም የጠራ ሰው ተገኝቷል!»

አልጮኹም። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱና እንባቸው ወረደ።

«ወላሂ... ለእሱ አልጋ አለኝ። አልጋውን ያወጣል» አሉና ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ሀዊ የነጋዴውን ወረቀት ይዛ መጣች።

«አንተ የህንዱ ምሁር፣ ኻሚስን እስቲ እዚህ ላይ አሳየኝ።»

አነበብኩ። ነጋዴው የሚፈልገው ወንድሙን ነው። ኻሚስ የሚል የለም።

«ፕሮግራምህ መቶኛው ቃል ነው ይላል» አለችኝ። «ወረቀቱ ያለው ሠላሳ አንድ ቃል ነው። የቀረው ስድሳ ዘጠኝ የት ሄደ?»

ወንበሬን ስቤ ፕሮግራሙን ከፈትኩ።

ስሕተቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንድ ወረቀት ተነቦ ሲያልቅ ማጠራቀሚያውን ባዶ ማድረግ ነበረብኝ። ረስቼዋለሁ። ከነጋዴው በፊት የተነበበው የእማማ ሀምዲያ ወረቀት ነው። ኻሚስ በእሳቸው ወረቀት ላይ መቶኛ ቃል ነው። ስሙ ከነቁጥሩ ወደ ሰውዬው ወረቀት ፈስሷል።

የሰጠኋቸው ተስፋ የገዛ ድምፃቸው ነበር።

«ትነግራቸዋለህ» አለች ሀዊ።

«መጀመሪያ ላስተካክለው።»

አስተካከልኩት። ማጠራቀሚያውን አጠብኩ፤ ሁሉንም ወረቀት እንደገና አስነበብኩ።

ኻሚስ አሁንም በነጋዴው ወረቀት ላይ ነበር።

ቁጥሩ ግን መቶ አልነበረም... ዘጠና ሦስት።

በማግስቱ ሰማንያ ስድስት።

ኮዱን መስመር በመስመር አየሁት። የአሮጌ ፋይል ቅሪት ነው ብዬ ሁሉንም ደምስሼ ከዜሮ ጀመርኩ። የተማርኩት ምክንያት የሌለው ስሕተት እንደሌለ ነው። ዓርብ ሰባ ዘጠኝ ሆነ።

ሀዊ መቀለድ አቆመች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ቁጥሩ ሃምሳ አንድ ነበር። እማማ ሀምዲያ እጃቸው ኖራ ነክቶት መጡ። ቤቱን ቀብተዋል።

«ቀረበ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«...እያጣራን ነው እማማ።»

ሀዊ በንቀት አየችኝ። እሳቸው ሲወጡ ወረቀታቸውን አወጣችና ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የተጻፈ ቃል ነው፤ ለካ ስሙን እንጂ ሌላውን አንብቤው አላውቅም።

«ሕፃኗን አዝዬ ነበር። ወንዙ ሞልቷል። ሁለቱን ማሻገር አልቻልኩም። ድንጋዩ ሥር አስቀመጥኩት። ትምህርት ቤት ወደ ኋላ መቁጠር ለምዶ ነበር። ከመቶ ጀምረህ ቁጠር፣ አንድ ስትል እመጣለሁ አልኩት። ተኩሱ መጣ። አልተመለስኩም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሌንጂሳ...» አለች። «ማነው የሚቆጥረው?»

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁጥሩ ሁለት ነበር።

እማማ ሀምዲያ ግን አልመጡም።

ቤታቸው ከከተማው ጫፍ፣ በኩርሙክ መውጫ ነው። በእግሬ ሄድኩ። ወቅቱ ሣር የሚቃጠልበት ነው፤ ጥቁር አመድ ከሰማይ እየረገፈ መንገዱን ሸፍኖታል። መንገዱ ላይ አንድም ዱካ የለም።

በር ላይ በባዶ እግራቸው ተቀምጠው ወደ መንገዱ ያያሉ። አጠገባቸው የቀርከሃ አልጋ ወጥቷል። አጭር ነው። የስምንት ዓመት ልጅ አልጋ።

ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ ይቅር በሉኝ። ስሕተቱ የእኔ ነው። ስሙን የጠራ ሰው የለም። እርስዎ የተናገሩት ነው ዞሮ የመጣው።»

ጭንቅላቴን ዳሰሱኝ።

«አንተ አላጠፋም ልጄ። እኔ ነው ያጠፋሁ። እሱ መምጣት አይደለም... እኔ ነኝ እመጣለሁ ያልኩት።»

«እማማ...»

«እሽሽ! ስማ።»

ሰማሁ። ነፋስ የለም። ወፍ የለም።

ከዚያ... ከመንገዱ ማዶ፣ ከቀርከሃው ውስጥ፣ የደከመ የልጅ ድምፅ።

«አንድ።»

እማማ ሀምዲያ ተነሡ።

«መጣሁ ኻሚስ ልጄ። መጣሁ።»

ልይዛቸው ነበር። ከተንበረከክሁበት ሳልነሣ ሄዱ። በዚያ ጠራራ ፀሐይ መንገዱን ተሻግረው ቀርከሃው ውስጥ ገቡ።

የሰፈሩ ሰው እስኪመሽ ፈለገ። በአመዱ ላይ የባዶ እግራቸው ዱካ እስከ መንገዱ መሀል አለ። ከዚያ ወዲያ አመዱ ያልተነካ ነው።

በማግስቱ ቢሮ ገባሁ። ሀዊ ወንበሬ አጠገብ ቆማ ታለቅሳለች። በጣቷ የኮምፒዩተሩን ማያ አሳየችኝ።

በነጋዴው ወረቀት ላይ ኻሚስ አለ። ቁጥሩ አንድ ነው።

ከሥሩ ሌላ ስም አለ። ሀምዲያ።

የእሳቸውም ቁጥር አንድ።

ያን ፕሮግራም እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሁለት ቃል በአንድ ቦታ እንዲቆም አልፈቀድኩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ አያለሁ። ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም።