ጫማ ሰሪውና የእናቱ ምራት

ሁለቱን ያጋቧቸው እማማ ናቸው። ሙሽራው አልተጠየቀ፣ ሙሽራዋም አልተጠየቀች፤ ነገሩ ያለቀው በምሳ ሰዓት፣ በአረጋውያን መኖሪያው ምድር ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ተንከባካቢዋ ልጅ ለቤቱ ገና አዲስ ነበረች። ማንኪያውን ይዛ «እማማ፣ አንዴ ብቻ፣ ለእኔ ሲሉ» እያለች ስትለማመጥ አንድ ረጅም ሰው በሩ ላይ ቆመ። ጣቶቹ ላይ የማስቲሽ እድፍ አለ፤ ዓይኖቹ ገና ሳያጠፉ ይቅርታ የሚጠይቁ ዓይነት ናቸው። እማማ ቀና ብለው አዩትና ፊታቸው በራ።

«መጣህ? ምን አቆየህ? ሚስትህ እኮ ዓይኗ በር በር ሲያይ ዋለ!»

ልጅቷ ማንኪያዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። 

እዚያ ቤት የሚኖሩት የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ናቸው። ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚነገረው ደንብም «አትሟገቷቸው» የሚል ነው። ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናትን እናታቸውን ቢጠሩ መርዶ እንደ አዲስ አይነገራቸውም፤ ስለ እናታቸው እንዲያወሩ ይደረጋል እንጂ። ልጅቷ ደንብ አክባሪ ነበረች።

«ምን ላድርገው እማማ፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አለች፤ ፊቷ ግን ቲማቲም መስሏል።

ሰውየው ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለተኛ አልዘገይም» አላት።

ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጨዋ ሆኑ።

«አሳፈርኩዎት መሰለኝ፤ እናቴ ናት» አለ።

«ኧረ ምንም አይደል። እርስዎም ጥሩ አድርገው መለሱላቸው።»

ትዳሩ በዚሁ ቀጠለ። ክፍል ውስጥ ባልና ሚስት፣ ኮሪደር ላይ እንግዳና አስተናጋጅ። ወሬው ወጥ ቤት ደርሶ ሲመለስ ልጅቷ ስሟን አጣች፤ ቤቱ በሙሉ «ምራት» ይላት ጀመር። ኃላፊዋ ሲስተር እንኳ፣ ፊታቸው እንደዚያ ኮስተር ብሎ፣ «ምራት፣ ደወሉን አልሰማሽም?» ይሏታል።

እሱ ጫማ ሰሪ ነው። ገበያው ጀርባ ጠባብ ሱቅ አለችው። ሰው ሲያገኝ ከፊቱ በፊት እግሩን ያያል። አንድ ቀን እናቱ ፊት «አንቺ ቀኝ ተረከዝሽ ላይ ነው ክብደትሽን የምትጥይው» አላት፤ እሷም ሳምንቱን ሙሉ አረማመዷ ጠፍቶባት ከረመች። እማማ ደግሞ አርፈው አይቀመጡም። «ተኳርፋችኋል እንዴ? ምን ተራርቃችሁ ትቀመጣላችሁ?» ይላሉ። ደንብ ነውና እሱ ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ወንበሩን እዚያው ካቆመበት ይጀምራል እንጂ ወደኋላ አይመልሰውም። ምራትም እሱ በሚመጣበት ሰዓት መስኮቱን ደጋግማ የመወልወል ሥራ አገኘች።

ችግር የነበረው ማለዳ ማለዳ ነው። እማማ የቤቱን ጫማ አይወዱትም። ወፍራም የጎማ ሶል ያለው፣ የማያንሸራትት፣ ለእርጅና እግር ታስቦ የተገዛ ጫማ ነው። «ይሄ የማን ነው? የእኔ አይደለም! ጫማዬን ማን ወሰደብኝ?» እያሉ ያለቅሳሉ። ልጃቸው ይህን ሰማና አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ቡናማ የቆዳ ጫማ ነበር።

«ሙያውን ስማር መጀመሪያ የሰፋሁት ነው፤ ለእሷ» አለ። «ሶሉ ሳይቀር ቆዳ ነው። አንድም ጎማ የለበትም!»

ምራት ደንቡን ታውቃለች። ሶሉ የሚያንሸራትት ጫማ ለነዋሪ አይደረግም፤ ከውጭ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ለሲስተር ይታያል። ልትናገር አፏን ስትከፍት እማማ ጫማውን ጉንጫቸው ላይ ለጠፉትና ልጃቸውን በሕፃንነቱ ሲያቆላምጡት በነበረው ስም ጠሩት። ግዙፉ ሰው ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን ጠረገ። በዚህ መሐል ስለ ሶል ማን ያወራል? «እሱ እያለ ብቻ ያድርጉት» አለች በልቧ። ያ «ብቻ» እየሰፋ ሄዶ ግማሽ ቀን ሆነ።

አንድ ረፋድ ላይ እማማ ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ሰሙ። «ልጄ መጣ!» ብለው ተነሥተው ሲጣደፉ እግራቸው ከሥራቸው ከዳቸው። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ።

ቀድማ የደረሰችው ምራት ነበረች። እያለቀሰች አቅፋቸው ሳለ እጇ ራሱን ችሎ ጫማውን አወለቀና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሲስተር ሮጠው ሲመጡ «እግራቸው ላይ ምን ነበር?» ብለው ጠየቋት።

«የቤቱ ጫማ» አለች።

ራሷን ለማዳን ይሁን እሱን ላለማሳዘን እሷም አላወቀችው። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ጫማ ሰሪው የእናቱ እጅ በጄሶ ታስሮ ሲያይ ያ ይቅርታ ጠያቂ ዓይኑ ደም ለበሰ። ጥግ ላይ የመወልወያ ባልዲ ቆሟል። «ወለሉ እርጥብ ነበር! ሰው መሰላችኋት ወይስ ዕቃ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀጥ ብሎ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ወደሚቆጣጠረው ቢሮ ሄዶ አቤት አለ።

ወለሉን የሚወለውሉት እድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ቀን እስኪደርስ «ደረቅ አድርጌው ነው የሄድኩት፣ ፈጣሪ ያያል» እያሉ ለግድግዳውም ለሰውም ሲምሉ ሰነበቱ። ጥፋቱ የእሳቸው ከሆነ ይባረራሉ፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቋቸው የልጅ ልጆች አሉ። ምራት ከእሳቸው ዓይን እየሸሸች በሌላ በር መግባት ጀመረች። ብትናገር የምትወደው ሰው የገዛ እጁ ሥራ የእናቱን እጅ እንደሰበረ ይሰማል። እሷንም ዳግመኛ አያያትም። ዝም ብትል ደግሞ እትዬ ከሥራቸው ይወጣሉ።

ተቆጣጣሪው ዝግተኛ ሰው ነበር። የእጅ መደገፊያውን ነቀነቀ፣ ደወሉን ደወለ፣ አምፖሉን አየ፣ ወለሉን በእጁ ዳሰሰ። በመጨረሻ ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። እትዬ የሻሻቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ «እኔ...» ብለው ድምፃቸው ሲቆረጥ ምራት ተነሣች። ወጥታ ስትመለስ ቡናማውን ጫማ ይዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ወለሉ ደረቅ ነበር» አለች። «እማማ ይሄን ነው ያደረጉት። ሳላስፈቅድ ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ። ሲስተርንም ዋሽቻለሁ።»

ጫማ ሰሪው አንዱን ጫማ አነሣና ሶሉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። በመደረግ ብዛት ለስልሶ እንደ ሳህን ያብለጨልጫል። ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

«አሳዝነኸኝ።»

«አዝነሽልኝ ነው ንጹሕ ሰው ላስባርር የነበረው?»

ጫማውን ብብቱ ሥር ከቶ ወጣ። ሁሉም ፊት፣ እማማ በሌሉበት፣ «አንቺ» እንዳላትና እሷም «አንተ» እንዳለችው ያስተዋለችው በኋላ፣ ብቻዋን ስታለቅስ ነው።

እትዬ ከሥራቸው አልወጡም። ግራና ቀኝ ጉንጯን ስመው «አይ አንቺ ልጅ፣ የእኔን እንጀራ ስታተርፊ የራስሽን ቤት አፈረስሽ» አሏት። ከዚያ ወዲያ ቤተሰብ ሁሉ ደንቡ በመጀመሪያው ቀን ይነገረው፣ የነዋሪዎችም ጫማ ይፈተሽ ተባለ። ምራት ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና ወደ ላይኛው ፎቅ ተዛወረች።

«ይሄ ለዋሸሽው ነው» አሉ ሲስተር። «ደግሞም የነዋሪ ልጅ የወደደች ሠራተኛ ያንን ነዋሪ አትንከባከብም። ይሄኛውን ደንብ ከጣስሽው ቆይተሻል፤ ዕውር አይደለሁም።»

ከላይኛው ፎቅ መስኮት የግቢው በር ይታያል። ጫማ ሰሪው ይመጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል፤ ቀና ብሎ ግን አያይም። እትዬን እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠይቋል ሲባል ሰማች። እሷን ምንም አላላትም። መስኮት መወልወል እርም አለች።

የእማማ ጄሶ በወለቀ ሰሞን ሲስተር አስጠሯት። «እማማ ምግብ እምቢ ብለዋል። ለአንድ ሾርባ ብቻ ውረጂ።»

ስትገባ ጫማ ሰሪው እናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ አገኘችው። ያንኑ ቡናማ ጫማ እያጠለቀላቸው ነው፤ ሶሉ ግን ተነቅሎ ሸካራ ጎማ ተተክቶለታል። ሲስተር አይተው ፈቅደዋል። ምራት ማንኪያውን አነሣችና ያችን «ሚስትህ» የምትል ቃል ጠበቀች። እማማ ቢጠሯት ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት የሚመለስ መስሏት ነበር።

እማማ በትሕትና አዩዋት። «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

ምራት ማንኪያውን ወደ ሾርባው መለሰችው።

«ይሄ ጫማ ሰሪ እጁ ወርቅ ነው» አሉ እማማ ወደ ልጃቸው እያመለከቱ። «ታውቂዋለሽ?»

ልጃቸው ቀና አላለም። ትከሻው ብቻ ዝቅ አለ። ያጋቧቸው ሰው ትዳሩንም ልጃቸውንም ረስተዋል። አሁን «ደንብ ነው» ብለው የሚጠጉበት ነገር የለም።

«አውቀዋለሁ እማማ። ተኳርፈን ነው» አለች።

«ምን አደረገሽ?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እውነት ደበቅኩት።»

«እኔም አጥፍቻለሁ» አለ እሱ ለጫማው የሚያወራ ይመስል። «ጫማ ሰሪ ሆኜ ሶሉን ሳላይ ሰው ወነጀልኩ። ከዚያ ደግሞ ፊቷን ማየት አፈርኩ። በየቀኑ በዚያ መስኮት ሥር የማልፈው አንገቴን ደፍቼ ነው።»

እማማ ወሬው ረዘመባቸው። «ታዲያ ታረቁዋ! አንቺ፣ አግብተሻል?»

እዚህ ክፍል ውስጥ ሚስቱ ስትባል ስንት ጊዜ አዎ ብላ ነበር። ጫማ ሰሪውን አየችው፤ እሱም አያት።

«አላገባሁም እማማ።»

«አንተስ?»

«እኔም። ግን...» ድምፁ ተሰበረ። «ታገቢኛለሽ?»

እማማ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «አንቺ፣ ሰውየው እኮ ጉልበቱ አለቀ!»

«እሺ» አለች። እማማም ሾርባቸውን ጥርግ አድርገው ጠጡ።

ዛሬ እውነተኛ ምራት ናት። በጉብኝት ሰዓት እንደማንኛውም ቤተሰብ ከባሏ ጋር ትመጣለች። እማማ ሠርጉን አያስታውሱም። ቀለበቷን ሳያዩ እጇን ይይዙና «አግብተሻል ልጄ?» ይሏታል። አትሟገቷቸው ነው ደንቡ። «አላገባሁም እማማ» ትላለች። ጫማ ሰሪው የእናቱን ጫማ ማሰሪያ አጥብቆ፣ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ፣ መጀመሪያ እንደጠየቃት ቀን ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይጠይቃታል። እማማ ትንፋሻቸውን ይዘው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን ያያሉ።

እሷም ጥቂት ታስብና «እሺ» ትላለች።