ቃሪያዋን የጣለው እጅ

ውሃ ውስጥ የሚወድቁ አትክልቶችን ፎቶ እያነሳ የሚኖረው ኤቦ ኳንሳ በታኮራዲ ከተማ በሚገኘው ቤቱ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል። የመስታወት ገንዳው ጠረጴዛው ላይ ውሃ እንደሞላ ነው፤ አንዲት ቀይ ቃሪያ ተንሳፍፋበታለች። ካሜራው ፊት ለፊት በሦስት እግሩ ቆሟል።

«በረጨው ውሃ አዳልጦት ይሆናል» አለ ሳጅኑ። «ወይም ሚስቱ ገፋችው። ቅናቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ልያዛት?»

ኢንስፔክተሯ አኮን ጎንበስ ብለው ምንጣፉን ጨመቁ። ውሃው በጣቶቻቸው መሃል ተንዠቀዠቀ።

«አንዲት ቃሪያ ይሄን ሁሉ ረጨች?» አሉ ለራሳቸው።

ሚስቱ አራባ ወጥ ቤት ተቀምጣለች።

«ድሮ የምጥልለት እኔ ነበርኩ፣ ማዳም። ሎሚውን፣ ቲማቲሙን። እኔ ውሃው ውስጥ ስጥል እሱ ፎቶ ያነሳል። ከዚያ ኤኩዋ መጣች። ጣቶቿ ያምራሉ አለኝ።»

«ቀናሽ?»

«ምን ልዋሽ? ማታ ማታ ጣቶቼን አያለሁ።» መዳፏን ገልብጣ አየች። «ትናንት ገንዳውን አሰናጂልኝ፣ ነገም በጠዋት ነይ አለኝ። አሰናድቼ እንደ ሰሞኑ እናቴ ዘንድ ሄጄ አደርኩ።»

የፎቶ ሥራውን ያስተማረው ጓደኛው ፊፊ ባይዱ አልሸሸገም። «ቀንቼበታለሁ። የሱ ውሃ ሲረጭ ዘውድ ይሠራል፤ የኔ ግን ምራቅ ይመስላል። ግን በዚህ ሰው ይገደላል እንዴ?»

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ኤኩዋ ግን ተቆጣች። «እኔ ትናንት እዚህ ቤት አልረገጥኩም! በቅናት የምትቃጠለውን ሴትዮ ጠይቁ።»

ኢንስፔክተሯ ካሜራው ውስጥ የቀረውን የመጨረሻ ፎቶ አዩ። ቃሪያዋ ውሃውን ስትሰነጥቅ ተይዛለች፤ መስታወቱን ግን ጥቃቅን የአየር አረፋ እንደ ቆዳ ሽፍታ ወሮታል። ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት የኤቦ ፎቶዎች ግን የገንዳው መስታወት እንደሌለ ነው የሚታየው።

ሦስቱንም ሰበሰቡ።

«ገንዳውን አስደፍቼዋለሁ። ኤቦ እንደሚያደርገው አሰናዱልኝ።»

አራባ ምድጃ ልትለኩስ ሄደች። ፊፊ ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬማ አይደርስም፣ ማዳም።» ኤኩዋ ቧንቧ ከፍታ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዛ መጣች።

«አስቀምጪው» አሉ ኢንስፔክተሯ በዝግታ። «የቧንቧ ውሃ አየር አለው፤ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ኤቦ ውሃውን አፍልቶ፣ አሳድሮ ነበር ፎቶ የሚያነሳው። አራባ ታውቃለች፤ ትናንትም ያሰናዳችው እንደዚያው ነው። ፊፊ ያውቃል። አንቺ ግን ሁልጊዜ የምትመጪው ገንዳው ከተሰናዳ በኋላ ነው። አራባ ያሰናዳችው ውሃ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ፤ ስትታገሉ ገንዳው ተገልብጧል። ጸብ እንዳይመስል እንደገና ሞላሽው። ብቻውን ሲሠራ የወደቀ እንዲመስል በአንድ እጅሽ ቃሪያዋን ጥለሽ፣ በሌላው ፎቶውን አነሳሽ።»

የባልዲው እጀታ ከኤኩዋ እጅ ወደቀ።

«ከእንግዲህ አትምጪ አለኝ» አለች። «የአራባን እጅ የመሰለ የለም አለኝ። በእኔ ላይ! ለመግደል አልነበረም፤ ገፋሁት ብቻ።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። አራባ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ውሃው ይንተከተካል።

«ምን አለሽ?» አለች። «እስቲ ድገሚልኝ። ስለ እጄ ምን አለሽ?»

ኤኩዋ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ከንፈሯን ገጠመች፤ እስኪወስዷትም አልከፈተችውም።